ፈንታሌ፦ የአዋሽ ሸለቆ ብርጭቆ ነፊ

ብርጭቆ ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን ፋብሪካ ነው። እኔ ግን ከአዋሽ እስከ ሠመራ በተጓዝኩበት ወቅት ያየሁትን አንድ አንጋፋ ብርጭቆ ሠሪ ላስተዋውቃችሁ ወደድኩ። አውደ ጥናቱ ጣሪያም በርም የለውም። እሱም ከአዋሽ ከተማ በስተምዕራብ የሚገኘውና 2,007 ሜትር ከፍታ ያለው የፈንታሌ እሳተ ገሞራ ነው።

በመጀመሪያ የሰውን አሠራር እንይ። ብርጭቆ ነፊ ሲሊካ የበዛበት አሸዋ፣ ኃይለኛ እሳትና ትንፋሽ ያስፈልጉታል። ንጹሕ ሲሊካ የሚቀልጠው በ1,700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ስለሆነ፣ ሙቀቱን ለመቀነስ ሶዳ ይጨመርበታል። ከዚያ እንደ ማር የሚሳበውን ቅላጭ በብረት ቱቦ ጫፍ ጠቅልሎ ያወጣና ይነፋዋል። ብርጭቆ ማለት እንግዲህ አተሞቹ ተሰልፈው ክሪስታል ሳይሠሩ የጠጠረ ነገር ነው።

ፈንታሌም የሚሠራው እንዲሁ ነው። የማግማው ሲሊካ 70 በመቶ ገደማ ሲሆን ከመስኮት መስታወት ጋር ይቀራረባል። በሶዲየም የበለጸገ ስለሆነ ሶዳውንም ይዞ ይመጣል ማለት ይቻላል! ቅላጩ በጣም ወፍራም ስለሆነ ቶሎ ሲቀዘቅዝ ባልጩት፣ በሳይንሳዊ ስሙ ኦብሲዲያን፣ ይሆናል።

ትንፋሹስ? በማግማው ውስጥ የሟሟው የውኃ ትነት ነው። ሲወጣ ቅላጩን አረፋ ያደርገውና ቀላሉ ፑሚስ ይፈጠራል። ከሁሉ የገረመኝ ግን ሌላ ነው። የዛሬ 170 ሺህ ዓመት ገደማ ከፈንታሌ የወጣው ትኩስ አመድ ሜዳውን አልብሶት ነበር። አመዱ ገና ሳይጠጥር የታመቀ ጋዝ ከውስጡ እየነፋው ጉብታዎች ሠራ፤ አንዳንዶቹ ውስጣቸው ባዶ ስለሆነ ሰው ይገባባቸዋል።

ወደ ሠመራ ስንጠጋ መልክዓ ምድሩ ይለወጣል። እዚያ የሚበዛው ጥቁር ባዛልት ነው። ሲሊካው 50 በመቶ አካባቢ ብቻ ስለሆነ ቅላጩ ቀጭን ነው፤ አተሞቹ በቀላሉ ተንቀሳቅሰው ክሪስታል ይሠራሉ። ስለዚህ ብርጭቆ ቢገኝ እንኳ ላዩን እንደ ስስ ቅርፊት ነው።

ይህን ሁሉ ማወቅ ምን ይጠቅመናል? ሁለት ነገር ልበል።

አንደኛ፣ ምድጃው አልጠፋም። ፈንታሌ ለመጨረሻ ጊዜ የፈነዳው እ.ኤ.አ. በ1820 አካባቢ ነው። በ2017 ዓ.ም. ግን ማግማ ከምድር በታች ሰንጥቆ በመግባቱ አካባቢው ለወራት በመሬት መንቀጥቀጥ ተናጠ፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ነዋሪዎችም ቀያቸውን ለቀቁ። ወፍራምና ጋዝ ያዘለ ማግማ እንዴት እንደሚፈነዳ ማጥናት እኮ ለፈተና ብቻ አይደለም!

ሁለተኛ፣ ባልጩት ሰነድ ነው። በላይኛው አዋሽ፣ መልካ ቁንጡሬ፣ ከ1.2 ሚሊዮን ዓመት በፊት የጥንት ሰዎች ከባልጩት የእጅ መጥረቢያ ይጠርቡ ነበር። መልካ ቁንጡሬና ባልጪት በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። አንድ ስብርባሪ ማን፣ መቼ እንደጠረበው የሚታወቀው ካረፈበት የአፈር ንብርብር ነው። ለማስታወሻ ብለን ኪሳችን ከከተትነው ግን ተራ ድንጋይ ሆኖ ይቀራል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ አዋጅም በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው እንዲያሳውቅ ያዛል።

ስለዚህ በመስክ ጉዞ የተጠረበ ባልጩት ብናይ ቦታውን እንመዝግብ፣ ፎቶ እናንሳ፣ ድንጋዩን ግን እዚያው እንተወው።