ከምድር ሁሉ ዝቅ ያሉ ቦታዎች

ከወልዲያ ወይም ከመርሳ ወደ ምሥራቅ ብንጓዝ መሬቱ እየወረደ ከአፋር ቆላ ያደርሰናል። ወልዲያ ከባሕር ወለል በላይ 2 ሺህ ሜትር ያህል ከፍ ብላ ስትገኝ፣ ከእርሷ በስተሰሜን ምሥራቅ ያለው የዳሎል አካባቢ ግን ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ይወርዳል። ጅቡቲ ውስጥ ያለው የአሳል ሐይቅ ደግሞ 155 ሜትር ዝቅ በማለት ከአፍሪካ ምድር የመጨረሻው ነው። እነዚህ ጎድጓዶች የተፈጠሩት የአፍሪካና የዓረብ የምድር ቅርፊቶች ቀስ በቀስ ሲራራቁ በመካከላቸው ያለው መሬት በመስመጡ ነው።

በዓለም ላይ ከዚህም የባሰ ጥልቀት አለ። የሙት ባሕር ዳርቻ ከባሕር ወለል በታች 430 ሜትር ገደማ ነው። በሰላማዊ ውቅያኖስ የሚገኘው የማሪያና ስምጥ ወደ 11 ሺህ ሜትር ስለሚጠጋ፣ የኤቨረስት ተራራ ቢገባበት ጫፉ እንኳ አይታይም። ሰው ከቆፈራቸው ጉድጓዶች እጅግ ከጠለቁት አንዱ ሩሲያ ውስጥ በኮላ ይገኛል። ሥራው እ.ኤ.አ. በ1970 ተጀምሮ በ1989 12,262 ሜትር ቢደርስም፣ ሙቀቱ 180 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በመድረሱ ከዚያ ማለፍ አልተቻለም። ይህም ሆኖ እስከ ምድር እምብርት ካለው 6,370 ኪሎ ሜትር ከአምስት መቶ እጅ አንዱን እንኳ አልሞላም። ሱብሐነላህ!

ልብ በሉ፤ ወደ እነዚህ ጥልቀቶች የወረዱ ሰዎች ሳይዘጋጁ አልወረዱም። እ.ኤ.አ. በ1960 ሁለት ሰዎች ማሪያና ግርጌ የደረሱት በወፍራም የብረት ክፍል ውስጥ ተዘግተው ነው። በደቡብ አፍሪካ 4 ኪሎ ሜትር ያህል በሚጠልቀው የምፖኔንግ የወርቅ ማዕድን ሠራተኞቹ የሚተነፍሱት አየር በበረዶ ይቀዘቅዛል።

ወደ አሳል ግን የእኛው ልጆች በእግራቸው ይሄዳሉ። ከሀብሩና ከአካባቢው ተነሥተው በጅቡቲ፣ ከዚያም ከኦቦክ በጀልባ ወደ የመንና ሳዑዲ ለመሻገር የሚወጡ ወጣቶች ብዙዎቹ በዚህ ሐይቅ አካባቢ ያልፋሉ። ውኃው ከባሕር ውኃ አሥር እጥፍ ያህል ጨዋማ በመሆኑ አይጠጣም። በሞቃቶቹ ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ይበልጣል። በውኃ ጥም ከመንገድ የቀሩም አሉ።

ወላጆች ሆይ! ደላላው ስለ ሪያሉ ያወራል እንጂ ስለ አሳል አይናገርም። ልጃችሁ ለጉዞ ልቡ ከመነሣቱ በፊት የዓለምን ካርታ ዘርግታችሁ መንገዱን አብራችሁ ተመልከቱ፤ ውኃ የሌለበትንም ቦታ በጣታችሁ አሳዩት።