የከብት ሐኪሙ ጉዞ ከመርፌ ወደ ቅጠልና ወደ መኖ

በጓሳ ዙሪያ በሚገኘው የመንዝ ደጋ ገበሬው ከሁሉ የሚመካበት ሀብቱ በግ መሆኑ የታወቀ ነው። ውርጭ ገብሱን ሲመታው፥ የበልጉ ዝናብ ሲቀር፥ ለእህል መሸመቻም ሆነ ለልጆች ልብስ የሚሸጠው በግ ነው። ከጠጉሩም በርኖስና ዝተት ይሠራል። ስለዚህ በዚህ አገር የበግ ማለቅ ከጎተራ መቃጠል ተለይቶ አይታይም።

ይህን ሀብት ከጥፋት ለማዳን የተሰማራው የከብት ሐኪም በሙያው የተጓዘበት መንገድ ለገበሬ ማኅበር መሪዎች የሚሰጠው ትምህርት አለ። መንገዱ የተጀመረው በመርፌ ነው። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በቆየው ክፉ ቀን የደስታ በሽታ የቀንድ ከብቱን ስለ ጨረሰው ገበሬው የሚያርስበት በሬ አጥቶ በረኀብ አልቋል። ያ በሽታ በክትባት ተሸንፎ፥ ኢትዮጵያ በ2000 ዓ.ም. ከበሽታው ነፃ መሆኗ ተረጋገጠ፤ በ2003 ዓ.ም. ደግሞ ከመላው ዓለም መጥፋቱ ታወጀ። ለዚህ ድል ክትባት በማዘጋጀትም ሆነ ሐኪሞችን በማሠልጠን ቢሾፍቱ ትልቅ ድርሻ ነበራት።

መርፌ ብቻ አይበቃም

ይሁን እንጂ ክትባት የያዘ ሐኪም ወደ ደጋው ሲወጣ የሚያገኘው ችግር ሁሉ በመርፌ የሚድን አይደለም። በደብረ ብርሃን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የመንዝና የሆሮ በጎች ጎን ለጎን በተጠኑ ጊዜ የመንዝ ግልገሎች ሞት አነስተኛ ሆኖ ተገኝቷል። የመንዝ በግ ብርቱ ነው ማለት ነው። ግን ብርቱውም ቢሆን የሳንባ በሽታ፥ የሆድ ትላትልና የመኖ እጥረት በአንድነት ሲመጡበት ይሸነፋል።

የጉበት ትልን እንመልከት። የትሉ እንቁላል ከበጉ በጠጥ ጋር ወጥቶ በረግረግ ቦታ ይፈለፈላል። በትንሽ ቀንድ አውጣ ገላ ውስጥ ካደገ በኋላ ወጥቶ በሣር ላይ ይለጠፋል። በጉ ሣሩን ሲግጥ ትሉ ወደ ጉበቱ ይገባል። በጉ ይከሳል፥ አገጩ ሥር ያብጣል፥ በመጨረሻም ይሞታል። የታመመውን መድኃኒት ግቶ እዚያው ረግረግ ላይ መልሶ ማሰማራት ትርፉ ድካም ብቻ ነው።

የቅጠል መድኃኒትና ሚዛኑ

እንዲህ ያለው ነገር በውጭ አገር አንዳንድ የከብት ሐኪሞችን ወደ ተፈጥሮ ሕክምናና ወደ ምግብ ማሟያ ወስዷቸዋል። ለምሳሌ እንግሊዛዊቷ ጁልየት ደ ባይራክሊ ሌቪ የጀመሩትን የከብት ሕክምና ትምህርት አቋርጠው ከገጠር ሰዎችና ከዘላኖች የቅጠል ሕክምና ተማሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1952ም ስለ እርባታ እንስሳት የቅጠል መድኃኒት መጽሐፍ አሳተሙ።

በአገራችን ደግሞ የከብት ሐኪም ባይሆኑም የዶክተር አክሊሉ ለማ ሥራ ይበልጥ ያስተምራል። እሳቸው እ.ኤ.አ. በ1964 በአድዋ ስለ ብልሃርዝያ ሲያጠኑ፥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ባዩት ብቻ ሳይረኩ እንዶዱን በቤተ ሙከራ ፈተኑት፤ መጠኑን ለኩት። ለዚህም ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1989 ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝተዋል። እናቶች ለልብስ የሚያውቁት ተክል ለሕክምና የሚታመነው በሚዛን ሲፈተን መሆኑን ሥራቸው ያሳያል።

ቅጠል ስለሆነ አይጎዳም ማለት ስሕተት ነው። እንዶድ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል ሁሉ ዓሣንም ይገድላል። ኮሶ የሰውን የሆድ ትል ቢያስወጣም ከመጠን ሲያልፍ ዓይን እስከ ማጥፋት ይደርሳል። የፋብሪካውም መድኃኒት ቢሆን እንደ በጉ ክብደት ካልተሰጠ፥ ሲያንስ ትሉን ያለማምዳል፥ ሲበዛ በጉን ይመርዛል። ደግሞም አንዱ መድኃኒት ሁሉንም ትል አይገድልም።

ማሟያ ምግብ ከደጃፍ

ማሟያ ምግብን በተመለከተም ገበያ ላይ የሚሸጥ የቫይታሚን ጠርሙስ የተራበን በግ አያጠግብም። ደረቅ የገብስ ገለባ ብቻ ለሚበላ በግ ጥቂት የኑግ ፋጉሎ ወይም ፉርሽካና የሚላስ አሞሌ ቢጨመርለት ይሻለዋል። ገለባውንም ማሻሻል ይቻላል። ለ100 ኪሎ ግራም ገለባ ከ4 እስከ 5 ኪሎ ግራም ዩሪያ በውኃ ተሟሙቶ ይረጭና አየር እንዳያስገባ ተከድኖ ቢያንስ 21 ቀን ይቆያል፤ በብርድ አገር ከዚያም በላይ ያስፈልገዋል። ከመመገቡ በፊት ግን መናፈስ አለበት። የተበጠበጠውን ዩሪያ ከብት ከጠጣው ይገድለዋልና የሥራው ኃላፊነት ለልጆች አይሰጥ።

ከማሟያ ሁሉ የሚበልጠው ግን ግጦሹ ነው። የመንዝ አባቶች ጓሳን በቄሮ ሥርዓት ለዓመታት ዘግተው፥ በችግር ጊዜ ከፍተው ሲጠቀሙ ኖረዋል። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሲታወጅ የቄሮው ሥርዓት ቢያከትምም፥ ዛሬ ጓሳን የሚጠብቀው የአካባቢው ሕዝብ በኮሚቴ ተደራጅቶ ነው። ሣሩ ሲጠበቅ ከብቱ በድርቅ ዘመን የሚደገፍበት አያጣም።

ስለዚህ የማኅበር መሪዎች ክረምቱ ሳያልፍ በየቀበሌያቸው የትኛው ረግረግ በግ እንደሚያሳምም ከእረኞች ጠይቀው ይለዩ፤ ቦታውን ያጥሩ ወይም ውኃውን ያንጣፉ። ትል ማስወጫው ሁሉም ጎረቤት በአንድ ጊዜ የሚያስወጣበት እንዲሆን ከከብት ሐኪሙ ጋር ቀን ይቁረጡ። የአገር መድኃኒት አዋቂዎችን ከሐኪሙ ጋር አገናኝተው የሚሰጡትን ቅጠልና መጠን ያስመዝግቡ። በመርፌ የተጀመረው የሐኪሙ ጉዞ ግቡን የሚመታው መሪዎች መኖውን፥ ግጦሹንና ሚዛኑን በእጃቸው ሲይዙ ነው።