ቴሌቪዥን በተጓዥ ቤት

ለዶክትሬት ትምህርት በአሜሪካ ሳለን፣ በዚያ አገር አርቪ በሚባለው፣ አልጋና ማድ ቤት ባለው ተጓዥ መኪና ከሁለት የትምህርት ጓደኞቻችን ጋር የካንሳስን ሜዳ ስናቋርጥ መሸብን። ሰማዩ ጠቁሮ ነበር፤ የቶርኔዶ ወራት ስለነበረ የአካባቢውን ጣቢያ ማስጠንቀቂያ ለመከታተል ቸኩለናል። ከመኪና ማረፊያው የኬብል ሳጥን ገመድ ስበን ሰካን፤ ቴሌቪዥኑ ግን ምንም አላሳየም። ሦስት የፊዚክስ ተማሪዎች ሆነን ገመድ ስንነቅልና ስንሰካ አንድ ሰዓት አለፈ። ጥፋቱ የት ነበር? ይህን ለመረዳት ምስል ወደ መኪናው የሚገባባቸውን ሁለት መንገዶች እንመልከት።

አንደኛው መንገድ አየር ነው። በአሜሪካ ከፍተኛ ኃይል ያላቸው ጣቢያዎች እ.ኤ.አ. ከጁን 12 ቀን 2009 ወዲህ የሚያሠራጩት በዲጂታል ብቻ ነው። ብዙዎቹ የሚሠሩት ከ470 እስከ 608 ሜጋኸርትዝ ባለው ክልል ነው። የብርሃንን ፍጥነት ለ500 ሜጋኸርትዝ ብናካፍል የሞገዱ ርዝመት 60 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ ግማሹን፣ ማለትም 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው አንቴና ሞገዱን በሚገባ ይቀበላል። በመኪና ጣሪያ ላይ ትንሽ አንቴና የሚበቃው ስለዚህ ነው።

ይህ ሞገድ ከሞላ ጎደል ቀጥ ብሎ ስለሚጓዝ የምድር ክብነት ይጋርደዋል። 300 ሜትር ከፍታ ካለው ማማ የተነሣ ሞገድ፣ 4 ሜትር ከፍታ ላይ ላለ የመኪና አንቴና የሚታየው በሜዳማ አገር እስከ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መኪናው ርቆ ሲሄድ የሚያገኛቸው ጣቢያዎች ስለሚለወጡ፣ በየማረፊያው ጣቢያዎችን እንደገና ማስፈለግ ግድ ይሆናል።

በአናሎግ ዘመን ሞገዱ ሲደክም ምስሉ በነጫጭ ነጠብጣብ እየተሸፈነ ቀስ በቀስ ይደበዝዝ ነበር። በአሜሪካው የዲጂታል ሥርዓት ግን ምልክቱ ከሁከቱ በ15 ዴሲቤል ገደማ፣ ማለትም 30 እጥፍ ያህል እስከበለጠ ድረስ ስህተቶች በስሌት ስለሚታረሙ ምስሉ ጥርት ብሎ ይታያል፤ ከዚያ ጥቂት ዝቅ ሲል ይቆራረጥና ይጠፋል። ማጉያ መሣሪያም በሁከት የተዋጠውን ምልክት አያድንም፤ ሁለቱንም አብሮ ያጎላልና። ስለሆነም ማጉያው የሚገጠመው ገመዱ ምልክቱን ከማድከሙ በፊት፣ እዚያው አንቴናው ዘንድ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ኬብል ነው። ምልክቱ 75 ኦም በሆነ ኮአክሲያል ገመድ፣ ከውጭ ሁከት ተከልሎ ይመጣል። ሆኖም አቀነባበሩ ከአየሩ የተለየ ስለሆነ ቴሌቪዥኑን «ኬብል» በሚለው ምርጫ ላይ አድርጎ ጣቢያዎቹን ማስፈለግ ያሻል። ጣቢያዎቹ በምስጢር የተቆለፉ ከሆነም የኩባንያው መክፈቻ ሳጥን ያስፈልጋል።

ሁለቱ መንገዶች የሚገናኙት በግድግዳው ላይ ባለች ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ ነው። ስትበራ 12 ቮልት በአንቴናው ገመድ ወደ ማጉያው ትልካለች፤ ቴሌቪዥኑንም ከአንቴናው አገናኝታ የማረፊያውን ኬብል ትቆርጣለች። የእኛዋ በርታ ነበር! አጥፍተን ጣቢያዎቹን ስናስፈልግ የአየር ጠባይ ዘገባው ብቅ አለ፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አውሎ ነፋሱ በሌላ አቅጣጫ አልፎ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ጨለማ ማያ ስናይ ገመድ ለመንቀል አንቸኩልም፤ ምልክቱ ከምንጩ ተነሥቶ የት ላይ እንደቆመ ደረጃ በደረጃ እንጠይቃለን። አንባቢያችንም በቤተ ሙከራ ውስጥ መሣሪያ እምቢ ሲልዎ በዚሁ ጥያቄ ይጀምሩ።