የካቲት 12 በሁለት አገር

ጋምቤላ አውሮፕላን ማረፊያ የወረደን እንግዳ ከማንም ቀድሞ የሚቀበለው ሙቀቱ ነው። ወደ ከተማው ሲሄድ ስለ ባሮ፣ ስለ ዓሣውና ስለ ማንጎው ይወራለታል። ስለ ምርኮኞች የሚያወራው ሰው ግን እምብዛም አያጋጥመውም። በመጋቢት 1933 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ጋምቤላን ከጣሊያን አስለቀቀ። ከቤልጂግ ኮንጎ የመጡ ጥቁር ወታደሮችም ከዚሁ ቆላ ተነሥተው ወደ ሳዮ፣ ወደ ዛሬው ደምቢ ዶሎ፣ ወጡ። የኮንጎ ወታደሮቹ በረኀብና በተቅማጥ ብዙ ከተሠቃዩ በኋላ ሰኔ ሊያልቅ ሲል ጄኔራል ጋዜራን ጨምሮ 9 የጣሊያን ጄኔራሎች ከነሠራዊታቸው እጅ ሰጡ።

ከዚያ ከአራት ዓመት ተኩል በፊት የታሰሩት ግን ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ከማይጨው ሽንፈት በኋላ የቀረው የኢትዮጵያ መንግሥት ጎሬ ላይ ነበር፤ የጎሬ የውጭ በር ደግሞ ጋምቤላ፣ በባሮ በኩል እስከ ካርቱም። ያን በር ጣሊያን ሲዘጋው ራስ እምሩ ጎጀብ ወንዝ አጠገብ ተከበው በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ተማረኩ። ፖንዛ ወደምትባል የጣሊያን ደሴት ተወሰዱ። በኋላ “ፍቅር እስከ መቃብር”ን የጻፉት ሐዲስ ዓለማየሁም ከተጋዙት መካከል ነበሩ። የታሪክ ፌዝ የሚሉት ይህን ነው፤ በ1935 ዓ.ም. ሙሶሊኒ ከሥልጣን ወርዶ ሲታሰር የተወሰደው ወደዚያችው ፖንዛ ነበር፣ ያውም ራስ እምሩ ታስረውበት ወደነበረው ቤት።

ሌሎቹ ይህን ያህል ዕድለኞች አልነበሩም። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ከአዲስ አበባው ጭፍጨፋ የተረፈው ወደ እስር ተነዳ። መኳንንቱ ከነቤተሰባቸው ወደ አዚናራ ደሴት ተጋዙ፤ ብዙ ሌሎች ሶማሊያ ውስጥ ባሕር ዳር ወዳለው ዳናኔ ተላኩ። እዚያ ሦስት ዓመት ተኩል የታሰሩት ሚካኤል ተሰማ ከጦርነቱ በኋላ በሰጡት ምስክርነት፣ ዳናኔ ከገቡት 6,500 ሰዎች 3,175ቱ ሞተዋል።

ልክ በአምስት ዓመቱ፣ ያውም በዚያው የካቲት 12 ቀን፣ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ትእዛዝ ቁጥር 9066ን ፈረሙ። ቀኑ በፈረንጆች አቆጣጠር ፌብሩዋሪ 19 ቀን 1942 ነበር። በዚህ ትእዛዝ፣ ጃፓን ፐርል ሐርበርን በመደብደቧ ብቻ፣ በአሜሪካ ምዕራብ ዳርቻ ይኖሩ የነበሩ 120,000 ያህል የጃፓን ተወላጆች ቤት ንብረታቸውን ጥለው በሽቦ ወደታጠሩ 10 ካምፖች ገቡ። ከሦስቱ ሁለቱ የአሜሪካ ዜጎች ነበሩ። ክስ የለም፣ ፍርድ የለም።

መንግሥት ይቅርታ የጠየቀው እ.ኤ.አ. በ1988 ነው። ፕሬዚዳንት ሬገን የፈረሙት ሕግ በሕይወት ለነበረ ለእያንዳንዱ ታሳሪ 20,000 ዶላር ሰጠ፤ ከ80,000 በላይ ሰዎች ተከፈላቸው። ብዙ ያልተወራለት ሌላው የሕጉ አንቀጽ ግን ለትምህርት የሚውል ፈንድ አቋቋመ። ለፈንዱ እስከ 50 ሚሊዮን ዶላር ተፈቅዶ ነበር፤ በመጨረሻ የተለቀቀው 5 ሚሊዮን ብቻ ነው። በወረቀት የተፈቀደ በጀት እጅ እስኪገባ የሚሆነውን የሚያውቅ ሁሉ አይገርመውም። ያም ሆኖ ገንዘቡ ለመማሪያ መጻሕፍት፣ ለፊልምና የታሳሪዎችን ቃል ለመቅዳት ዋለ። ካሊፎርኒያ የራሷን ፕሮግራም ጀመረች። እ.ኤ.አ. በ2006 ደግሞ ካምፖቹን ለመጠበቅና ታሪካቸውን ለማስተማር እስከ 38 ሚሊዮን ዶላር የሚፈቅድ ሌላ ሕግ ወጣ። አመልካቹ አንድ ዶላር ከራሱ ካዋጣ መንግሥት ሁለት ይጨምርለታል።

ይህ አሠራር የሚጠቅመው ማንን እንደሆነ ለማየት ዩታ በረሃ ውስጥ ያለችውን ዴልታን መመልከት ይበቃል። ቶፓዝ የተባለው ካምፕ ከዚህች ትንሽ ከተማ አጠገብ ነበር። ጄምስ ዋካሳ የተባሉ የ63 ዓመት ሰው አጥሩ ዳር በዘበኛ ጥይት የተገደሉት እዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 ጄን ቤክዊዝ የተባለች የሁለተኛ ደረጃ መምህርት ተማሪዎቿን፣ “ሂዱና የከተማውን ሽማግሌዎች ስለ ካምፑ ጠይቁ” ብላ ላከቻቸው። ከዚያ የክፍል ሥራ ቶፓዝ ሙዚየም ተወለደ። ዋሽንግተን ያለ ባለሥልጣን ዴልታን አስቦ ሙዚየም አልሠራላትም፤ የዴልታ ሰው ጀመረው፣ የመንግሥት ድጎማ በኋላ ደረሰለት።

የእኛ መንገድ ሌላ ነው። ስድስት ኪሎ ላይ ሐውልት ቆሟል፣ በየዓመቱ ጉንጉን አበባ ይቀመጥበታል። ፖንዛን የምናውቀው ራስ እምሩና ሐዲስ ዓለማየሁ ትዝታቸውን ስለጻፉ ነው። መስቀል አደባባይ ያለውን የቀይ ሽብር ሰማዕታት ሙዚየም ጎብኚ በነፃ ይገባበታል፣ ከሚያስጎበኙትም መካከል ራሳቸው ታስረው የተረፉ አሉ፤ ለሙዚየሙ የሚሆነው መዋጮ በሣጥን ውስጥ ይጣላል። ሁሉም የተከበረ ሥራ ነው፤ ግን የተመሠረተው በግለሰብ ጽናት ላይ ነው። የጋምቤላ መምህር ተማሪዎቹን ይዞ ስለ 1933ቱ ምርኮኞችና ስለ ኮንጎ ወታደሮች አዛውንት ልጠይቅ ቢል መቅጃውንና የመኪናውን ወጪ የሚችለው ደመወዙ ነው።

ከአሜሪካው ጋር በጣም የሚመሳሰለው ጉዳያችን ደግሞ ዳናኔ አይደለም። ዳናኔን የሠራው ጠላት ነው፤ ጠላትን መውቀስ አይከብድም። የአሜሪካው ድጎማ የመነጨው መንግሥት በገዛ ሕዝቡ ላይ የሠራውን ጥፋት በማመኑ ነው። በዚህ የሚመሳሰለው ሌላ ነው፤ ኢትዮጵያና ኤርትራ እ.ኤ.አ. በ1998 ሲዋጉ ኢትዮጵያ 75,000 ያህል የኤርትራ ተወላጆችን አባረረች፤ ብላቴ በተባለ ካምፕ የታሰሩም ነበሩ። ብዙዎቹ ኢትዮጵያ ውስጥ ተወልደው ያደጉ ናቸው። ኤርትራም ኢትዮጵያውያንን አስራለች፣ አባራለች። ሔግ ላይ የተሰየመው የካሳ ኮሚሽን ሁለቱንም ጥፋተኛ ብሎ እ.ኤ.አ. በ2009 የካሳውን መጠን ወሰነ።

የዴልታ ተማሪዎች ደብተራቸውን ይዘው ሲወጡ ቶፓዝ ከተከፈተ 40 ዓመት ሆኖት ነበር፤ አብዛኞቹ ምስክሮች ሸምግለዋል። በ20 ዓመቱ ብላቴ የታሰረ ወጣት ግን ዛሬ ገና ሃምሳ አልሞላውም።