ያውቁ ኖሯል? 12 ቮልት 36 ሲሆን

ከቢቸና ወደ ሞጣ ሲጓዙ በሚያገኟት ጉንደ ወይን መብራት ቢጠፋ፣ ባለ 12 ቮልቱ የመኪናዎ ባትሪ 36 ቮልት የሚፈልግ የኤልኢዲ መብራት ሊያበራልዎት ይችላል። ለዚህ የሚያስፈልገው ከጥቅል ሽቦ፣ ከትራንዚስተር፣ ከዳዮድና ከካፓሲተር የሚሠራ ትንሽ የቮልት ማሳደጊያ ነው።

• ትራንዚስተሩ በሰከንድ በአሥር ሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ ይበራል፣ ይጠፋል። ሲበራ ጥቅል ሽቦው ኃይል ያጠራቅማል፤ ሲጠፋ ያንኑ በባትሪው ቮልት ላይ ይደርበዋል።

• አንድ ነጭ ኤልኢዲ 3 ቮልት ገደማ ይፈልጋል፤ 12 ሆነው በተርታ ሲያያዙ 36 ይሞላሉ።

• ቮልቱ 3 እጥፍ ሲያድግ፣ ከባትሪው የሚወጣው ከረንት መብራቱ ጋ ከሚደርሰው ከ3 እጥፍ በላይ ይሆናል፤ ጥቂቱ ኃይል በሙቀት መልክ ይባክናልና።