560 ከ700፦ የኒውዮርክ ልዩ ትምህርት ቤቶች የመግቢያ ፈተና ውጤት እንዴት ይነበባል?

በኒውዮርክ ከተማ ስምንት የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተማሪ የሚቀበሉት በአንድ ፈተና ውጤት ነው። የክፍል ውጤት፣ የመምህር ምስክርነት፣ ቃለ መጠይቅ፣ አንዱም አይታይም። ኤስኤችሳት የሚባለውን ይህን ፈተና በዋናነት የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች በጥቅምትና በኅዳር ይወስዱታል፤ ውጤቱ የሚነገረው የኒውዮርክ ክረምት ሊወጣ ሲል፣ በየካቲት መጨረሻና በመጋቢት መጀመሪያ ነው። በቅርብ ዓመታት በየዓመቱ ከ25 ሺህ በላይ ልጆች ተፈትነው ቦታ ያገኙት 4 ሺህ ያህሉ ናቸው። ከስምንቱ መካከል ስታይቨሰንት፣ ብሮንክስ ሳይንስና ብሩክሊን ቴክ በፈተና ብቻ እንዲቀበሉ የሚያስገድደው እ.ኤ.አ. በ1971 የወጣው የኒውዮርክ ግዛት ሕግ ሲሆን፣ የቀሩትን አምስቱን የጨመረው በ2000ዎቹ ዓመታት የከተማው አስተዳደር ራሱ ነው።

ለወላጅ የሚደርሰው ውጤት አንድ ቁጥር ነው። ከፍተኛው ወደ 700 ይጠጋል። ስታይቨሰንት ለመግባት ደግሞ በቅርብ ዓመታት 560 ገደማ ማምጣት አስፈልጓል። ኢትዮጵያ ተምሮ ያደገ ወላጅ ይህን ሲሰማ እጁ ወደ ስሌት ቢሄድ አይገርምም። የ12ኛ ክፍል ፈተና ለዓመታት ከ700 ሲታሰብ ስለኖረ፣ 560 ለ700 ሲካፈል 80 በመቶ፣ ስለዚህ «ከመቶ ሰማንያውን የመለሰ ይገባል» የሚል ድምዳሜ ላይ መድረስ ቀላል ነው። ድምዳሜው ግን ስሕተት ነው። 560 የተመለሱ ጥያቄዎች ድምር አይደለም፤ ከመቶ የተሰላ ውጤትም አይደለም።

ፈተናው 114 ጥያቄዎች አሉት፤ 57ቱ የእንግሊዝኛ፣ 57ቱ የሒሳብ። የተሰጠው ጊዜ ሦስት ሰዓት ነው፤ ተፈታኙ በየትኛው ክፍል እንደሚጀምርና ለየትኛው ብዙ ደቂቃ እንደሚሰጥ ራሱ ይወስናል። ከእያንዳንዱ ክፍል 10 ጥያቄዎች አይታረሙም። ለወደፊት ፈተና እየተሞከሩ ያሉ ናቸው፤ የትኞቹ እንደሆኑ ግን ተፈታኙ አያውቅም። ስለዚህ የሚቆጠሩት 47 እና 47፣ በድምሩ 94 ናቸው። የተሳሳተ መልስ ነጥብ አያስቀንስም፤ ባዶ የተተወ ጥያቄ ግን የተሳሳተ ያህል ነው። ጊዜው ሊያልቅ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ምርጫ ካላቸው ጥያቄዎች ያልተነካውን ሁሉ በግምት መመለስ ከአራት አንዱን የማግኘት ዕድል በነጻ መውሰድ ነው፤ ይህን ሳያደርጉ የሚወጡ ልጆች ጥቂት አይደሉም።

ትክክል የተመለሱት ጥያቄዎች ቁጥር ጥሬ ውጤት ይባላል። ጥሬ ውጤት እንዳለ ሥራ ላይ የማይውልበት ምክንያት አለው። ፈተናው አንድ ቅጂ ብቻ የለውም፤ መኮራረጅን ለመከላከልና በተለያዩ ቀናት ለመፈተን ሲባል ብዙ ቅጂዎች ይዘጋጃሉ። የቱንም ያህል ቢጠነቀቁ አንዱ ቅጂ ከሌላው ጥቂት መክበዱ አይቀርም። ከባዱ ቅጂ የደረሰው ልጅ እንዳይበደል ጥሬው ውጤት በየቅጂው በተሠራ ሠንጠረዥ ወደ መደበኛ ነጥብ ይለወጣል። በከባዱ ቅጂ 38 ያገኘና በቀላሉ ቅጂ 40 ያገኘ ልጅ አንድ ዓይነት መደበኛ ነጥብ ሊይዙ ይችላሉ። የእንግሊዝኛውና የሒሳቡ መደበኛ ነጥቦች ሲደመሩ ለቤተሰብ የሚነገረው ቁጥር ይገኛል።

በዚህ ልወጣ ውስጥ ብዙ ወላጆች የማያውቁት ነገር አለ። ሠንጠረዡ ቀጥ ያለ መስመር አይደለም። በመሀከለኛው የውጤት ክልል አንድ ተጨማሪ ትክክለኛ መልስ የሚያስገኘው ጥቂት ነጥብ ሲሆን፣ ወደ ጫፉ ሲጠጋ ግን የአንዲት ጥያቄ ዋጋ እጅግ ይጨምራል። ሁለት ልጆችን ለምሳሌ እንውሰድ። አንደኛዋ በእንግሊዝኛ 40፣ በሒሳብ 40 መለሰች። ሁለተኛው በእንግሊዝኛ 33 ብቻ መልሶ የሒሳቡን 47 ሁሉንም አገኘ። ሁለቱም ከ94 የመለሱት 80 ነው። መደበኛ ነጥባቸው ሲደመር ግን ልጁ ልጅቷን የመብለጥ ዕድሉ ሰፊ ነው፤ በሒሳብ ከ40 ወደ 47 ሲወጣ ያገኘው፣ በእንግሊዝኛ ከ40 ወደ 33 በመውረዱ ካጣው ይበልጣልና። በሁለቱም ትምህርት ሚዛኑን የጠበቀ ተማሪ በአንዱ ፍጹም በሌላው ደከም ባለ ተማሪ ሊበለጥ ይችላል ማለት ነው። ይህ ሆን ተብሎ የተመረጠ የትምህርት ፍልስፍና አይመስልም፤ የስሌቱ ዘዴ ያመጣው ጣጣ ነው። ሆኖም ውጤቱ እውነተኛ ነው፤ አስጠኚዎችም ጠንቅቀው ያውቁታል። ልጁ የሚደክምበትን ትምህርት ብቻ ሲያስጠኑ መክረም በየቤቱ የተለመደ ነው፤ በዚህ ፈተና ግን የሚጎብዝበትን ወደ ፍጹምነት ማድረስም የዚያኑ ያህል፣ አንዳንዴም የበለጠ ይከፍላል።

መደበኛ ነጥቡ ከታወቀ በኋላ የሚቀጥለው ድልድል ነው። ተማሪው ውጤቱን ከማወቁ በፊት የሚፈልጋቸውን ትምህርት ቤቶች በቅደም ተከተል ይመዘግባል። ከዚያ ተፈታኞች ሁሉ ከአንደኛ እስከ መጨረሻ በነጥባቸው ይሰለፋሉ። አንደኛ የወጣው የመጀመሪያ ምርጫውን ያገኛል፤ ሁለተኛውም እንዲሁ። ሰልፉ ወደ ታች ሲወርድ አንድ ትምህርት ቤት ይሞላል፤ ከዚያ በኋላ ያንን ትምህርት ቤት አንደኛ ምርጫው ያደረገ ልጅ ሁለተኛ ምርጫው ይታይለታል፤ እሱም ከሞላ ሦስተኛው። ስለዚህ ለዚህ ፈተና የሚስማማው ጥያቄ «ስንት አመጣህ?» ሳይሆን፣ በድሮው የትምህርት ቤት ካርድ ላይ ደረጃ የሚጻፍበትን ቦታ ለይቶ የሚያይ ወላጅ የሚጠይቀው «ስንተኛ ወጣህ?» ነው።

መቁረጫ ነጥብ የሚባለው ከዚህ ድልድል የሚወለድ እንጂ አስቀድሞ የተቀመጠ ገደብ አይደለም። ስታይቨሰንት ከሞላ በኋላ ወደ ኋላ ተመልሶ «የመጨረሻው የገባው ልጅ ስንት ነበረው?» ተብሎ ሲጠየቅ የሚገኘው ቁጥር የዚያ ዓመት መቁረጫ ይሆናል። ብዙ ጎበዝ ልጆች በተፈተኑበት ዓመት ከፍ ይላል፤ ትምህርት ቤቱ መቀመጫ በጨመረበት ዓመት ዝቅ ይላል። ያለፈው ዓመት መቁረጫ ለዘንድሮ ተስፋ እንጂ ዋስትና አይሆንም። የኢትዮጵያ አንባቢ ሁለቱንም አሠራር በገዛ አገሩ አይቷል። ትምህርት ሚኒስቴር ለዓመታት የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ነጥብ የሚወስነው ፈተናው ታርሞ ካለቀ በኋላ፣ በዩኒቨርሲቲዎች የቅበላ አቅም ነበር። ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ ግን 50 በመቶ የሚል ቋሚ ገደብ ተተከለ፤ በ2015 ዓ.ም. ከተፈተኑት 845 ሺህ ገደማ ተማሪዎች ያለፉት 3.2 በመቶ ብቻ ሆኑ። ቋሚ ገደብ ባለበት አገር ሁሉም ሊወድቅ፣ ሁሉም ሊያልፍ ይችላል። ኒውዮርክ ውስጥ ግን ፈተናው ቢከብድም ቢቀልም የሚገባው ተማሪ ቁጥር ያው ነው፤ መቀመጫው ያህል።

የመቁረጫ ነጥቦች ዝርዝር ሲነበብ አንድ ወጥመድ አለ፤ ቁጥሩን እንደ ትምህርት ቤቱ የጥራት ደረጃ መቁጠር። ብሩክሊን ቴክ ወደ 6 ሺህ ተማሪ የሚይዝ ግዙፍ ትምህርት ቤት ነው፤ በየዓመቱ ከአንድ ሺህ በላይ ልጆች ስለሚቀበል ሰልፉ ላይ ረጅም መንገድ ወደ ታች ይወርዳል፤ መቁረጫውም ከስታይቨሰንት ያንሳል። በሲቲ ኮሌጅ ግቢ ውስጥ ያለው የሒሳብ፣ የሳይንስና የምሕንድስና ትምህርት ቤት ደግሞ በጠቅላላው ጥቂት መቶ ተማሪዎች ብቻ ስላሉት መቁረጫው ከፍ ብሎ ይገኛል። ቁጥሩን የሚሠሩት የመቀመጫው ብዛትና የቤተሰቦች ምርጫ ናቸው። ከቤቱ ብሩክሊን ቴክ የሚቀርበው ልጅ 600 አምጥቶ እዚያ የሚገባ ከሆነ፣ ስታይቨሰንት ቢያመለክት ይገባ እንደነበር ከብሩክሊን ቴክ መቁረጫ አይታይም። በተቃራኒው ስታይቨሰንትን ብቻ መርጦ በሁለት ነጥብ የቀረ ልጅ፣ ሌሎቹን ቢመዘግብ ኖሮ በደስታ የሚቀበሉት ትምህርት ቤቶች እያሉ ባዶ እጁን ይመለሳል። ከሁሉም የሚያስቆጨው ይህኛው ነው፤ ምክንያቱም በነጻ ሊወገድ የሚችል ነበርና።

በሁለት ነጥብ መቅረት ራሱ ምን ማለት ነው? በፈተና ልኬት ሳይንስ ማንኛውም ውጤት የስሕተት ክልል አለው። አንድ ልጅ ዛሬ የተፈተነውን በሚመጣው ሳምንት በሌላ ቅጂ ቢፈተን ያንኑ ቁጥር አያመጣም፤ ጥቂት ይወጣል ወይም ጥቂት ይወርዳል። ኢኮኖሚስቱ ጆሹዋ ፌይንማን እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው ጥናት ይህንኑ በኤስኤችሳት ላይ አንሥቶ፣ በመቁረጫው ዙሪያ ያሉ ብዙ ተማሪዎች ከገቡትም ካልገቡትም ወገን ሆነው በስታቲስቲክስ የማይለያዩ መሆናቸውን አሳይቷል። የነጥብ አሰላሉ በአንድ ትምህርት ብቻ የሚጎብዙትን እንደሚጠቅም የተቸውም በዚሁ ጥናት ነው። ይህ ማለት ፈተናው ዋጋ የለውም ማለት አይደለም፤ 600 ያመጣና 400 ያመጣ ልጅ ፈተናው በለካው ችሎታ በእርግጥ ይለያያሉ። 559 እና 561 ያመጡት ግን በዕድል እንጂ በችሎታ ተለያዩ ማለት ይከብዳል። ድልድሉ ሁለቱን በግልጽ መስመር ይለያቸዋል፤ መስመር የግድ የሆነ ቦታ መሰመር ስላለበት።

ሌሎች አገሮች ተመሳሳዩን ችግር በሌላ መንገድ ይፈቱታል። እንግሊዝ ውስጥ ተማሪ በፈተና የሚመርጡ 163 የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አሉ። ልጆቹ የሚፈተኑት በአሥር ወይም በአሥራ አንድ ዓመታቸው በመሆኑ፣ በአንድ ክፍል ውስጥ እንኳ በመስከረም የተወለደውና በነሐሴ የተወለደው ልጅ የአንድ ዓመት ያህል ልዩነት አላቸው። በዚያ ዕድሜ አንድ ዓመት ብዙ ነው። ስለዚህ ጥሬው ውጤት ሲለወጥ ዕድሜም በስሌቱ ይገባል፤ ሁለት ልጆች እኩል ቢመልሱ ታናሹ ጥቂት ከፍ ያለ መደበኛ ነጥብ ያገኛል። አማካዩ 100 ተብሎ ይወሰዳል። በኬንት አውራጃ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ ታክሏል፤ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብና የማመዛዘን ፈተና ተደምረው በቅርብ ዓመታት 332 ማምጣት ሲጠበቅ፣ በእያንዳንዱም ክፍል ከ105 ከፍ ያለ ዝቅተኛ ገደብ አለ። ኒውዮርክ ላይ በሒሳብ ጉብዝናው የእንግሊዝኛ ድካሙን የሸፈነው ያ ልጅ ኬንት ላይ ይህ መንገድ ይዘጋበታል።

ለአሜሪካ የግል ትምህርት ቤቶች የሚሰጡት አይኤስኢኢ እና ኤስኤስኤቲ የተባሉት ፈተናዎች ውጤት በፐርሰንታይል ይነገራል። 70ኛ ፐርሰንታይል ማለት ከመቶ ሰባውን ጥያቄ መመለስ ሳይሆን ከመቶ ተወዳዳሪ ሰባውን መብለጥ ነው። ተወዳዳሪዎቹ ደግሞ ባለፉት ሦስት ዓመታት ለእነዚሁ ትምህርት ቤቶች የተፈተኑ፣ ብዙዎቹ በደንብ የተዘጋጁ ልጆች ናቸው። በክፍሉ ሁሌም አንደኛ የነበረ ልጅ 50ኛ ፐርሰንታይል ላይ ሲገኝ ቤተሰብ ይደነግጣል፤ የተለወጠው ግን ልጁ ሳይሆን የተሰለፈበት ሰልፍ ነው።

አንድ ቁጥር ብቻ የልጆችን ዕጣ መወሰኑ በኒውዮርክ የማያባራ ክርክር ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ስታይቨሰንት ከጠራቸው 895 ተማሪዎች ጥቁሮቹ 7 ብቻ ነበሩ። ከንቲባው ቢል ደ ብላዚዮ ከዚያ አስቀድሞ በ2018 ፈተናው ቀርቶ ከየመካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ጎበዞቹ እንዲወሰዱ ሐሳብ አቅርበው ነበር፤ በተለይ ፈተናው የቀናቸው የእስያ ተወላጅ ቤተሰቦች አጥብቀው ተቃወሙ፤ ሕጉን መለወጥ የሚችለው የግዛቱ ምክር ቤትም ሳያጸድቀው ቀረ። በዚያው ጊዜ የሰፋው ዲስከቨሪ የተባለው ፕሮግራም ግን ቀጥሏል። ከመቁረጫው ጥቂት ዝቅ ያለ ነጥብ ያላቸው ዝቅተኛ ገቢ ካለው ቤት የመጡ ልጆች በበጋው ዕረፍት ተጨማሪ ትምህርት ወስደው ሲጨርሱ ይገባሉ፤ መቀመጫውም ከትምህርት ቤቱ አንድ አምስተኛ ድረስ ሊሆን ይችላል። ከመቁረጫው በትንሹ የቀረ ልጅ ካለ፣ የትምህርት ቤቱን ደብዳቤ «አልገባም» ብሎ ከማስቀመጥ በፊት ይህን ማጣራት ይገባል።

ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በሰሜን ቨርጂኒያ ታሪኩ ሌላ መንገድ ይዟል። ቶማስ ጄፈርሰን የተባለው የሳይንስና የቴክኖሎጂ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የመግቢያ ፈተናውን በ2020 አስቀረ። አሁን የሚመርጠው በክፍል ውጤትና በጽሑፍ መልሶች ሲሆን፣ ለየመካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱም ከ8ኛ ክፍል ተማሪዎቹ 1.5 በመቶ የሚሆን ቦታ ይጠበቃል። የተቃወሙ ወላጆች ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት ወሰዱት፤ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2024 አላየውም በማለቱ አዲሱ አሠራር ጸና። እዚያ ያለ ወላጅ የ2019 የፈተና ነጥብ ይዞ ልጁን ማዘጋጀት አይጠቅመውም።

የኒውዮርኩም ፈተና እየተለወጠ ነው። በ2025 ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር ተዛውሯል፤ ከ2026 ደግሞ ጥያቄዎቹ እንደ ተፈታኙ መልስ እንዲከብዱና እንዲቀሉ ታቅዷል። በዚህ ዓይነቱ ፈተና እኩል ቁጥር የመለሱ ሁለት ልጆች የተለያየ ነጥብ ሊያገኙ ይችላሉ፤ ከባዶቹን የመለሰው ይበልጣል። በወረቀቱ ዘመን የታተሙ የመለማመጃ መጻሕፍት ጥያቄዎቻቸው አሁንም ያስተምራሉ፤ ከጀርባቸው የተለጠፈው የነጥብ መለወጫ ሠንጠረዥ ግን ለአዲሱ ፈተና አያገለግልም።