ኤንትሬ የማይደርስበት

ቤታችን ከቃሊቲ ወደ አቃቂ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ቀን ከሌት የከባድ መኪና ድምፅ አያጣንም፤ ከላይ ደግሞ አውሮፕላኑ አለ። ባለፈው ቅዳሜ ባለ ሁለት ፕሮፔለር አውሮፕላን ዝቅ ብሎ ሲያልፍ ስልኬን አውጥቼ መቅረጽ ጀመርኩ። አጠገቤ የቆሙት ጎረቤታችን፣ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሹፌር፣ ቀና ብለው አዩና «ይሄ ድምፅ አሰብን አስታወሰኝ» አሉ።

ለእኔ የጦር አውሮፕላን ማለት ቦምብ ነው። በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን እዚሁ አቃቂ የነበረውን የአውሮፕላን ማረፊያ በአየር መምታቱን እየሰማሁ ነው ያደግኩት። እሳቸው ግን ትዝ የሚላቸው ስንዴ ነው። በ1977ቱ ረሃብ ጊዜ በኤንትሬ ከአሰብ እህል ያመላልሱ ነበር። እዚያው አሰብ የምሥራቅ ጀርመን ወታደሮች አንቶኖቭ 26 ይዘው መጥተው እህል ይጭናሉ። ምዕራብ ጀርመንም ትራንሳል የተባለውን ልካ ነበር። ልብ በሉ፦ ጦርነት ቢነሳ በተቃራኒ ጎራ ሊሰለፉ የተሠሩ ሁለት አውሮፕላኖች በአንድ ሰማይ ላይ፣ ለኛ ሰው እህል ተሸክመው!

ማታ ቁጭ ብዬ ስለነዚህ አውሮፕላኖች አነበብኩ። ሁለቱም ቱርቦፕሮፕ ናቸው። ማለትም ሞተሩ እንደ ጄት ተርባይን ነው፤ ግን አብዛኛውን ጉልበቱን ፕሮፔለር ለማሽከርከር ያውለዋል። በኪው 400 ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ የበረረ ሰው ያውቀዋል። ከአጭር ሜዳ ለመነሳት ይመቻል፤ ነዳጅም ይቆጥባል።

ትራንሳል የፈረንሳይና የምዕራብ ጀርመን የጋራ ሥራ ሲሆን መጀመሪያ የበረረው እ.ኤ.አ. በ1963 ነው። አንቶኖቭ 26 ደግሞ በ1969 በረረ። መሠረቱ አንቶኖቭ 24 የሚባለው የመንገደኞች አውሮፕላን ነው፤ የኪየቭ መሐንዲሶች ከጭራው ሥር ሰፊ በር አወጡለት። በሩ ወደ መሬት ሲዘረጋ መወጣጫ ይሆናል። ሲፈለግ ደግሞ ተንሸራቶ ከሆዱ ሥር ይገባል፤ ያኔ መኪና በኋላ ማርሽ ተጠግቶ ከካሶኒው በቀጥታ ይጭንበታል። ክንፉ ከላይ የሆነውም ፕሮፔለሩ ከጠጠር እንዲርቅ፣ ወለሉም ለመሬት እንዲቀርብ ነው። ይህን ስነግራቸው ጋሼ «ይሄን የሠራው ሰው ጭነት ያውቃል» አሉኝ።

ፈተናው የኛ ከፍታ ነው። አሰብ ባሕር ጠረፍ ላይ ናት፤ አዲስ አበባ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ። እዚህ አየሩ ከባሕር ጠረፉ አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ክንፉም ሞተሩም ፕሮፔለሩም የሚሠሩት በአየር ስለሆነ ሦስቱም ይደክማሉ። ለዚህ ዓይነቱ ችግር አንቶኖቭ 26 በቀኝ ሞተሩ ቤት ውስጥ ትንሽ ጄት ተጨምሮለታል፤ ሲነሳ ያግዘዋል። ህንድ ለተራራዋና ለሙቀቷ ይህም አልበቃት ብሎ የተሻለ ፈለገች። በጣም ጉልበተኛ ሞተር የተገጠመለት አንቶኖቭ 32 የመጣው እንዲህ ነው፤ በ1976 በረረ። ተራራ ያለው አገር ለተራራው የሚሆን ዕቃ ሲጠይቅ ያገኛል ማለት ነው።

ግን አንቶኖቭ 26 ቢበዛ የሚጭነው 5.5 ቶን፣ ማለትም 55 ኩንታል ነው። ጋሼ ሳቁብኝ። «የኔ ተሳቢ ብቻ ከዚህ በላይ ይጭናል እኮ!» ትራንሳልስ ስላቸው፣ 160 ኩንታሉም ብዙ አላስደነቃቸውም።

«ታዲያ ምን አስፈለገ?» አልኳቸው።

ሳቃቸው ቆመ። «መኪና መንገድ ይፈልጋላ። እኛ መንገዱ እስካለበት ወስደን አራግፈን እንመለሳለን። ከዚያ ወዲያ ተራራው ላይ ያለውን ሰው ማን ይድረስለት?»

ያኔ በሰሜን ሸዋ ራቤልን በመሳሰሉ ደጋማ ቦታዎች አውሮፕላን ማረፍም አይችልም ነበር። የእንግሊዝ ሄርኩለሶችና የጀርመን ትራንሳሎች መሬቱን ሊነኩ እስኪመስል ዝቅ ብለው፣ ደርበው የተሰፉ የእህል ጆንያዎችን ያለ ፓራሹት በኋላ በራቸው ያወርዱ ነበር። የፖላንድ ሄሊኮፕተሮች ደግሞ ቀድመው ቦታውን ያዘጋጃሉ።

ቪዲዮዬን ደግሜ አየሁት። 12 ሴኮንድ ነው። መጨረሻው ላይ የጋሼ ድምፅ ይሰማል፦ «ሂጂ እናቴ፣ እኔ ያልደረስኩበት ድረሺ።»